«አባዬ፣ ቁጭ በል!» ለሚባሉት የሽሮ ሜዳ አባት

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። 71 ዓመቴ ነው። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ደም ግፊት ከያዘኝ ቆይቷል። ዓምና ደግሞ ልቤ እንደ ልማዱ አልመታ አለኝ። አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይዘላል። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ኢሲጂ ተነሣሁና ‹ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው› ተባልኩ። ሜቶፕሮሎል፣ ኢናላፕሪልና ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ከዚያ በፊት ማለዳ በእግሬ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ተሳልሜ እመለስ ነበር። አሁን ልጆቼ ከግቢ አላስወጣ አሉኝ። ትንሽ ከተንቀሳቀስኩ ‹አባዬ፣ ቁጭ በል! ልብህ እኮ ነው› ይሉኛል። ቨርጂኒያ ያለው ልጄ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ላከልኝ፤ ሰዓቱ በጮኸ ቁጥር ቤቱ ይሸበራል። ቁጭ ብዬ ብዬ ወፈርኩ። ጉልበቴም ተሳሰረ። እሱንስ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ አስታግሰዋለሁ። ለመሆኑ በእግሬ መሄድ እችላለሁ? ምን ያህል? ስግደትስ? ለከተራ ታቦት አጅቤ ጃን ሜዳ መውረድስ? እውነቱን ንገሩኝ።

የሽሮ ሜዳው ጡረተኛ»

ምላሽ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁኝን ከመመለሴ በፊት ያልጠየቁኝን ላስቀድም። ዲክሎፌናኩን ዛሬውኑ ይተዉት።

ዋርፋሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል። ዲክሎፌናክ ደግሞ የጨጓራን ሽፋን ይጎዳል፤ ደም እንዲቆም የሚረዱትን ፕሌትሌት የሚባሉ ሕዋሳትም ያደክማል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ሳያውቀው ጨጓራው ሊደማ ይችላል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ዲክሎፌናክ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ግፊት ይጨምራል። የግፊት መድኃኒትዎን የኢናላፕሪልን ሥራ ያዳክማል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። «በመርፌ ይወጉት፣ ቶሎ ያሽራል» የሚል ሰው ከመጣ እሱንም እምቢ ይበሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ላይ ሲወጋ ውስጥ ለውስጥ ሊደማ ይችላል።

ለጉልበትዎ ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም ቢሆን ለቀናት በተከታታይ ሲወሰድ የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ እየወሰዱ መሆኑን ለሐኪምዎ ይንገሩ። በዚሁ ሳምንት ሄደው አይኤንአር፣ ማለትም ዋርፋሪኑ የደምዎን መርጋት ምን ያህል እንዳዘገየው የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ይለኩ። ሰገራዎ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ዋርፋሪኑን በራስዎ ፈቃድ እንዳያቆሙ። የሚቆመው ዲክሎፌናኩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንምጣ። አዎ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ልጆችዎ የሚያደርጉት ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ተሳስተዋል።

ለምን እንደተሳሳቱ ለማሳየት በሽታው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ልብ አራት ክፍሎች አሉት፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። በጤናማ ልብ ትእዛዙ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በቀኙ የላይኛው ክፍል ካለች አንዲት ትንሽ ስፍራ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲመጣ ግን መምህሩ የወጣበት ክፍል ይሆናል። እርስዎ ያውቁታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 በላይ ምልክት ይረጫሉ፤ መኮማተር ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ደግነቱ ከላይ ወደ ታች የሚያሳልፈው መተላለፊያ ሁሉንም አይለቅም። የሚለቀውን ግን ያለ ሥርዓት ይለቀዋል። ምትዎ አንዴ የሚሮጠው፣ አንዴ የሚዘለው ለዚህ ነው። ሜቶፕሮሎል ያንን መተላለፊያ ያዘገየዋል።

ከዚህ ሁለት አደጋ ይመጣል። አንደኛው ልብ ለረጅም ጊዜ በፍጥነት ሲመታ ቆይቶ መድከሙ ነው። ሁለተኛው ከዚያ የባሰ ነው። የሚንቀጠቀጠው ክፍል ደሙን ጠርጎ አያወጣም። ደም በተለይ በግራው የላይኛው ክፍል ካለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው አምስት እጥፍ ገደማ ነው። ዋርፋሪን በትክክል ሲወሰድ ያንን አደጋ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይቀንሰዋል።

እንግዲህ ልጆችዎ ዘብ የቆሙት እግርዎ ላይ ነው። ዘብ መቆም የነበረባቸው ኪኒንዎና አይኤንአርዎ ላይ ነበር። ለመሆኑ ዲክሎፌናኩን ሲገዙ ማን አየዎት? ግቢ በር ላይ የሚቆም ሞልቶ፣ ፋርማሲ በር ላይ ማንም አልነበረም።

አንድ የተለመደ ፍርሃት አለ፤ ምናልባት ቤታችሁም ተነግሮ ይሆናል። «ሲንቀሳቀስ የረጋው ደም ይነሣና አንጎሉ ላይ ይወጣል» የሚል ነው። ደም እንዳይረጋ የሚከለክለው መቀመጥ አይደለም፤ ዋርፋሪኑ ነው። አይኤንአር ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ ሆኖ ረጋ ብሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ ኪኒኑን እየዘለለ ሶፋ ላይ ከሚውለው ሰው ይልቅ ከስትሮክ የራቀ ነው።

መቀመጥ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ራስዎ ጽፈውታል። ወፍረዋል። ጉልበትዎ ተሳስሯል። ክብደትና ደም ግፊት ይህን በሽታ ከሚቀሰቅሱትና ከሚያባብሱት ዋነኞቹ ናቸው። ልብን ለመጠበቅ ተብሎ የተቀመጠ ሰው ልቡን የሚያውከውን ነገር ይመግባል ማለት ነው።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 5,446 ሰዎች ለ12 ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። በመጠኑ የሚንቀሳቀሱት፣ በተለይ በእግር የሚሄዱት፣ በኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተያዙት ከማይንቀሳቀሱት ባነሰ ቁጥር ነው። ይህ ገና ላልተያዙ ነው ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት። ለተያዙት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዴንማርክ ጥናት አለ። ሰዎቹ 49 ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 70 ገደማ ነው፤ ማለት የእርስዎ እኩዮች። የሁሉም ምት በቋሚነት የተዛባ ነበር። ግማሾቹ ለ12 ሳምንት ስፖርት ሠሩ። አቅማቸው ጨመረ። በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት ረዘመ። በእረፍት ጊዜ የሚመታው ልባቸውም ረጋ አለ።

ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ፣ በሽታው መጣ ሄድ የሚልባቸው 51 ሰዎች ተጠንተው ነበር፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ከእርስዎ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ናቸው፤ የሠሩትም ከበድ ያለ ስፖርት ነው። የሠሩት ሰዎች ልብ በተዛባ ምት የሚቆይበት ጊዜ ከ8.1 ወደ 4.8 በመቶ ወረደ። ያልሠሩት ከ10.4 ወደ 14.6 ወጣባቸው። ስፖርት መድኃኒቱን ይተካል ግን አላልኩም። ምትዎ ተስተካክሎ ቢሰማዎትም እንኳ ዋርፋሪኑ ይቀጥላል።

ልኩ የት ድረስ ነው? እዚህ ላይ ልጆችዎ ትንሽ እውነት አላቸው። ስዊድን ውስጥ በየዓመቱ 90 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ በስኪ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ። ከ50 ሺህ በላይ ተወዳዳሪዎች ሲጠኑ፣ ብዙ ጊዜ የተወዳደሩትና ፈጥነው የጨረሱት የልብ ምት መዛባት ይበዛባቸው ነበር። ከልክ ያለፈ ድካም ለዓመታት ሲደጋገም ለዚህ በሽታ ሊዳርግ ይችላል። እርስዎ ግን ስኪ አይወዳደሩም፤ የጠየቁኝ ሽሮ ሜዳ ላይ በእግር መሄድ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን አራት ነገር ይጠይቁልኝ። መጀመሪያ፣ የልብ አልትራሳውንዱ ምን ይላል? አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር ያጠበባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ የምታቸው መዛባትም ከዚያ የመጣ ነው። በሩ የጠበበ ከሆነ ልብ ሲፈጥን ሳንባ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል፣ የእንቅስቃሴው መጠን በሐኪም ይወሰናል። ሁለተኛ፣ እንቅርት ተመርምሯል ወይ? የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛ ልብ እንዲህ ያደርገዋል፤ በደም ምርመራም ይታወቃል። ሦስተኛ፣ በእረፍት ጊዜ ምትዎ ስንት ነው? ብዙ ሐኪሞች ከ110 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ ከ80 በታች። አራተኛ፣ እግርዎ ላይ እብጠት ወይም ጋደም ሲሉ የሚያፍን ነገር ካለ ይንገሩት። እነዚህ ሳይስተካከሉ መንገድ አይጀመርም።

እስኪ ስለ መንገዱ እናውራ። የእርስዎ ችግር ልብዎ ብቻ አይደለም፤ ሰፈርዎም ነው። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ከበር ሲወጣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ለወራት ተቀምጠው የቆዩ ሰው በአንድ ጊዜ ወደዚያ ቢነሡ ልብዎ መሮጡ አይቀርም፤ ያኔ ልጆችዎ «አላልንም?» ይላሉ። ማርያም ባለችበት ትቆያለች፤ እርስዎ ቀስ ብለው ይደርሱባታል።

በሜዳ ይጀምሩ። ግቢው ሰፋ ያለ ከሆነ ግቢ ውስጥ። ካልሆነ በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎ ወይም ወደ አራት ኪሎ ይውረዱ። አራት ኪሎ አካባቢ በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፤ ጉድጓድና ድንጋይ እያዩ አይሳቀቁበትም። እዚያ ተዘዋውረው በታክሲ ይመለሱ። ከቤት ተነሥተው ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ በእግር መውረድ ያታልላል። ሲወርዱ ምንም አይሰማዎትም፤ ድካሙ የሚመጣው ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ከሄዱ መጀመሪያ ትንሽ ሽቅብ ይውጡና ሲመለሱ ይውረዱ። ሲደክምዎ የቤትዎ መንገድ ቁልቁል ቢሆን ይሻላል።

በመጀመሪያው ሳምንት አሥር አሥር ደቂቃ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሽማግሌ እርምጃ ይሁኑ፤ ይህ በሽታ ያለበት ልብ በድንገት ሲነሡበት ከልክ በላይ ይፈጥናል። ሲጨርሱም በድንገት አይቀመጡ፤ ቀስ እያሉ ያብርዱት። በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት ያለፈው ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ያ ማለት በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ዛሬውኑ አይድረሱበት። በሁለት ወር ቢደርሱበት ምን ይላሉ? ባይደርሱበትም የሄዱት ሁሉ ይቆጠርልዎታል።

ፍጥነቱን በምን ይለኩ? በእጅ ሰዓቱ አይለኩት። ሰዓቱን ወደ መጨረሻ አመጣዋለሁ፤ ብዙ የምለው አለኝ። ፍጥነትዎን በትንፋሽዎ ይለኩ። እየሄዱ «አቡነ ዘበሰማያት» ይበሉ፤ ድምፅዎ ለራስዎ ይሰማ። ሐረግ ሐረጉን ሳይቋረጥ ካደረሱት ልክ ነው። ቃል በቃል የሚቆራረጥብዎት ከሆነ ፈጥነዋልና ይቀንሱ። በዜማ ማድረስ ከቻሉ ደግሞ ትንሽ ጠንከር ማለት ይችላሉ።

ከቤት የሚወጡበትን ጊዜ በተመለከተ ደግሞ እንደ ድሮው ማለዳ በጨለማ እንዳይወጡ። ብርዱ አለ። ጨለማው አለ። የሰፈሩም ውሾች አሉ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ትልቁ የመንገድ አደጋው መውደቅ ነው። ፀሐይ ወጣ ሲል፣ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ይውጡ። ከዘራ ይያዙ። የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ። ከወደቁና ጭንቅላትዎን ከመቱ፣ ምንም ባይሰማዎትም ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። አንጎል ውስጥ ያለ መድማት ቆይቶ ሊታይ ይችላል። ኪስዎ ውስጥ ስምዎ፣ የልጅዎ ስልክና «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ይኑር።

እግር ብቻውን አይበቃም። የጭን ጡንቻዎ ላልቷል፤ ጉልበትዎም የሚያምዎ በከፊል ለዚህ ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ይቀመጡና እጅዎን ሳይጠቀሙ ይነሡ፣ ይቀመጡ፤ ስምንት አሥር ጊዜ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ካቃተዎት በመጀመሪያ ክንድዎን ይደገፉ። ሲነሡ ትንፋሽዎን ያውጡ እንጂ አይያዙ። ትንፋሽ ተይዞ የሚነሣ ከባድ ነገር ግፊትን በአንዴ ይሰቅለዋል፤ ስለዚህ 20 ሊትር ጄሪካን ማንሣቱን ለልጆቹ ይተዉላቸው። ይህን እንኳ ቢከለክሉዎት ልክ ናቸው። ለሚዛን ደግሞ ግድግዳ ወይም መቋሚያዎን ይዘው በአንድ እግር መቆም ይለማመዱ። ቅዳሴ ላይ ያን ሁሉ ሰዓት ለሚቆም ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

ስግደት ከእግር መንገድ ይለያል። ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ሙሉ ስግደት አሁን ለእርስዎ አይሆንም። ወደ መሬት መውደቅና መነሣት ሲደጋገም ልብን በድንገት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ኢናላፕሪልና ሜቶፕሮሎል የሚወስድ ሰው ፈጥኖ ሲነሣ ግፊቱ ይወርድና ዓይኑ ይጨልምበታል። እዚያው ወድቆ ግንባሩን ድንጋይ ቢመታ፣ በዋርፋሪን ላይ ምን እንደሚሆን ነገርኩዎት። በሰሙነ ሕማማት ጾም፣ ጥምና ብዙ ስግደት በአንድ ላይ ስለሚመጡ አደጋው ይበረታል። ቆመው ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ይነሡ። ከዚያ በላይ ያለውን ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ነግረው ይወስኑ። ለሕሙምና ለአረጋዊ ማቅለል ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙ አባቶች «መድኃኒትህን ውሰድ» ነው የሚሉት።

ጾሙን ካነሣን አይቀር፣ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ ረጅም መንገድ አይሂዱ። ኪኒን በጾም ምክንያት አይዘለል። ስለ ጎመን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ነገር አለ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። በጾም በየቀኑ ጎመን፣ በፍስክ ጭራሽ ምንም ከሆነ አይኤንአሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎመን ክልክል አይደለም። መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ይሁን፤ ጾም ሲገባና ሲፈታም አይኤንአር ይለኩ። ቡናም ሳይከለክሉዎት አልቀሩም መሰለኝ። በልክ የሚጠጣ ቡና ይህን በሽታ እንደሚያባብስ ጥናቶቹ አላሳዩም፤ አቦሉን ይጠጡ። አረቄና ጠጅ ግን ሌላ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ አዘውትረው የሚጠጡ፣ ይህ በሽታ ያለባቸው 140 ሰዎች ተጠንተው ነበር። መጠጥ ከቀጠሉት መካከል በስድስት ወር ውስጥ በሽታው ተመልሶ የመጣባቸው 73 በመቶ ናቸው። ካቆሙት መካከል 53 በመቶ። እርስዎ ስለ መጠጥ አላነሡም፤ እኔም ከዚህ አልፌ አልገባም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ጋሼ፣ ልጅዎ የላከው በቅን ልቦና ነው። ነገር ግን የእጅ ሰዓት የልብን ምት የሚቆጥረው ቆዳ ላይ ብርሃን እየላከ ነው። ምቱ ሲዘበራረቅና እጅ ሲንቀሳቀስ ይሳሳታል። አንዳንዱ ምት ደካማ ስለሆነ ሰዓቱ ሳይቆጥረው ያልፋል፤ ሰዓቱ 50 ሲል ልብ 90 ሊሆን ይችላል። «ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንስ» የሚባለው ስሌትም ለእርስዎ አይሠራም። በስሌቱ 149 ይወጣል፤ ሜቶፕሮሎል የሚወስድ፣ ምቱ የተዛባ ሰው ግን በዚያ ቁጥር አይመራም። የማስጠንቀቂያ ድምፁን ያስጠፉት። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ በአውራ ጣትዎ በኩል ያለውን የእጅ አንጓ በሁለት ጣት ይዘው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለዚህ በሽታ አይሆንም፤ ምቱ እኩል አይደለምና። ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉና ለቀጠሮ ይዘው ይሂዱ። ቁጥሩ በተደጋጋሚ ከ110 ካለፈ፣ ወይም ከ50 ወርዶ ማዞር ካለ፣ ቀጠሮውን አይጠብቁ።

ይህን አንቀጽ ለልጆችዎ ያንብቡላቸው። እናንተ፣ አባታችሁን የምትወዱ ከሆነ ሥራ ልስጣችሁ። ቨርጂኒያ ያለኸው፣ ለሰዓት ያወጣኸውን ያህል ለአይኤንአር ምርመራና ለመመላለሻ ታክሲ ላክ። ስትደውል «ቁጭ ብለሃል?» አትበለው፤ «የስንት ሚሊግራም ዋርፋሪን ወሰድክ?» በለው። አዲስ አበባ ያላችሁት፣ ከመካከላችሁ አንዳችሁ በሳምንት ጥቂት ቀን አብራችሁት ሂዱ። ሌላችሁ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ኪኒኑንም፣ ሽሮፑንም፣ ቅባቱንም፣ ጎረቤት የሰጠውን የባሕል መድኃኒትም። ከዋርፋሪን ጋር የሚጣሉ ብዙ ነገሮች የሚገኙት እዚያ ፌስታል ውስጥ ነው።

እየሄዱ ሳለ ደረትዎን ከያዘዎት፣ ራስዎን ሊስቱ ከመሰለዎት፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበዎት፣ ወይም ቁጭ ብለው አሥር ደቂቃ ቆይተው እንኳ ትንፋሽዎና ምትዎ ካልረጋ፣ የዕለቱ መንገድ እዚያው ላይ ይቁም፤ ወደ ሕክምናም ይሂዱ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ደግሞ ስትሮክ ነው። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና በቀጥታ ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ታክሲ ከቀደመ በታክሲ። «ትንሽ ይረፍ» አይባልም። ጠበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ሲጠመቁም ኪኒኑ አይቋረጥም።

ደብዳቤዎን ለሚያነቡ ሌሎች አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የተጻፈው ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። የልብ ምት መዛባት ዓይነቱ ብዙ ነው። ምቱ ከታችኛው ክፍል የሚነሣበት፣ ወይም ሲንቀሳቀስ ራሱን የሳተ ሰው፣ በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ እንዳይነሣ። ፔስሜከር፣ ማለትም የልብን ምት የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ፣ የተገጠመለትም ሰው በእግሩ መሄድ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን በተገጠመበት በኩል ያለውን ክንድ ከትከሻ በላይ አያንሣ፤ እስከ መቼ እንደሆነ ሐኪሙ ይነግረዋል።

ስለ ከተራ ጠይቀውኝ ነበር። ጥር እስኪደርስ በሜዳ ግማሽ ሰዓት ሳይቸገሩ ከሄዱ፣ ይውረዱ። ታቦት የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው፤ ፍጥነቱ ለእርስዎ የተመቸ ነው። የሚያስቸግረው ፀሐዩ፣ የቆመበት ሰዓት ርዝመትና ግፊያው ነው። መሐል አይግቡ፤ ዳር ዳሩን ይሂዱ፣ ከልጆችዎ አንዱ ጎንዎ ይሁን። ውሃ ይያዙ። የምትታጠፍ ወንበር ልጅዎ ይሸከም። ሌሊቱን ጃን ሜዳ ብርድ ላይ አይደሩ፤ ማታ በታክሲ ቤትዎ ገብተው ኪኒንዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። በማግሥቱ ታቦቱ ሲመለስ ሽቅብ ነውና፣ እስከ ስድስት ኪሎ ይሸኙና ከዚያ ታክሲ ይያዙ።